በሺር የዘጋው መንገድ

የኮምቦልቻው በሺር ሰው ሰላም ሲለው እንኳ «ዛሬ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» ብሎ የሚያስብ ሰው ነበር። ገብስ ሲገዛ ከስልቻው አፍ አይዘግንም፤ እጁን እስከ ክንዱ ከትቶ ከሥር ያወጣና ያሸታል። በግ ሻጭ ቶሎ ዋጋ ከቀነሰለት «በጉ ታሟል» ይላል፤ አልቀንስም ካለው «ከኋላ ሌላ ገዥ ደብቆ ሊያጫርተኝ ነው» ይላል። ሚስቱ ሐዋ «የጀላል አባት፣ እርስዎ እኮ የገዛ ጥላዎንም ማን ላከህ ሳይሉት አይቀሩም» እያለች ትስቅበታለች። እሱ አይስቅም። ጥርጣሬ የአስተዋይ ሰው ስንቅ ነው ብሎ ያምን ነበርና በአመሉ ይኮራ ነበር እንጂ አያፍርበትም።

እንዲህ ሆኖ ግን አልተወለደም። ጢሙ ገና ሳያቀመቅም ሲራራ ነጋዴዎችን ተከትሎ፣ በባቲ ቁልቁል ወርዶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ አሰብ ደርሶ ነበር። እዚያ ባሕር አየ። ከባሕሩም ይልቅ ልቡን የወሰደው፣ ከዳርቻው ፈቀቅ ብሎ ውሃው ውስጥ የቆመ አንድ ጥቁር ድንጋይ ነው። ድንጋዩ መሐሉ እንደ በር ተበስቷል፤ ማዕበሉ በዚህ በኩል ገብቶ በወዲያ በኩል ነጭ ሆኖ ይወጣል። በሺር አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ ይህን ሲያይ ዋለ። ጓደኞቹ ዕቃ ሲጭኑ የት ገባ ተብሎ ተፈለገ። የሲራራው አለቃ አገኘውና በአለንጋ ሾጥ አድርጎ «ምን ስትሠራ ነበር?» አለው። «ድንጋይ ሳይ» አለ ልጅ በሺር። ለዚህ መልሱ እንደገና ተገረፈ፤ ድንጋይ ለማየት ብሎ ሥራ የሚፈታ ሰው አለ ብሎ የሚያምን አልነበረማ።

አገሩ ገብቶ ያየውን ቢያወራ ደግሞ ባሰበት። ውሃው ጨው ጨው ይላል ሲላቸው ሳቁ። የተበሳ ድንጋይ ውሃ ላይ ቆሟል፣ ባሕሩ በበሩ ይገባል ይወጣል ሲላቸውማ፣ አንዱ ቀልደኛ «በረኛው አንተ ነበርክ?» ብሎ ጠየቀው። ከዚያች ቀን ወዲህ በኮምቦልቻ ገበያ «በረኛው» ተብሎ ቀረ። ሠርግ ላይ ይጠሩታል በረኛው፤ ለቅሶ ላይ ይጠሩታል በረኛው። እሱም ያየውን ለማንም መናገር ተወ፤ ሰው የሚናገረውንም ማመን ተወ።

ዕድሜው ሲገፋ የራሱን በቅሎዎች ገዝቶ በሐርቡ፣ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ጭነት የሚያመላልስ የታወቀ መሪ ሆነ። የሲራራ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ከፊት የሚሄደው መሪ መንታ መንገድ ሲደርስ፣ መሄድ በማይገባው መንገድ ላይ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ አጋድሞ ያልፋል። መንገዱ በጎርፍ ተበልቶ ይሁን፣ ሽፍታ ታይቶ ይሁን፣ ከኋላ የሚመጣው አይጠይቅም፤ ቅርንጫፉን ካየ በዚያ አይሄድም። አደጋው ሲያልፍ ደግሞ የዘጋው ሰው ራሱ ተመልሶ ማንሳት አለበት። ያነሳና ከኋላ ላሉት ያፏጫል፣ እነሱም አፏጭተው ይመልሱለታል። በሺር ቅርንጫፍ ሲያጋድም ጫፉን ሰብሮ ወደ ኋላ ያጥፈው ስለነበር የእሱ መሆኑ በሩቁ ይታወቃል።

ልጁ ጀላል ይህን የተማረው ጭነት ማሰር ሳይችል በፊት ነው። አባት ከፊት፣ ልጅ ከኋላ ሆነው ስንት ዳገት ወጥተዋል፣ ስንት ቁልቁለት ወርደዋል። ሰዉን ሁሉ የሚጠረጥረው በሺር ሳይጠራጠር የሚያምነው አንድ ነገር ቢኖር፣ መንገድ በከፈተ ቁጥር ከኋላው የሚመጣውን የልጁን ፉጨት ነበር።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ደሴ ላይ ሰንደቁን ሰቀለ፤ ወደ አሰብ የሚወርደውን መንገድ በዲናሚት ይደረምስና ያነጥፍ ጀመር። መኪናዎች የበሺርን ጭነት ወሰዱበት። ጀላል በግዳጅ ለመንገድ ሥራ ተይዞ፣ አንድ ቀን ከአሠሪው ጋር ተጣልቶ ጀርባው እስኪላጥ ተገረፈና በዚያው ጠፋ። የገባው ደምመላሽ ከሚባል የኩታበር ገበሬ ጋር ነው፤ ደምመላሽ ጥቂት ሰዎች አስከትሎ ጣሊያንን እያደባ የሚወጋ ሰው ነበር። የሚሸሸጉበትን ቦታ ያመላከታቸው ግን በሺር ራሱ ነው።

ቦታው ሙሽሮቹ ይባላል። ከገራዶ በላይ፣ ወደ ኩታበር በሚያዘነብለው በኩል፣ ገደል አፋፍ ላይ ተሰልፈው የቆሙ ረጃጅም ድንጋዮች ናቸው። የአገሩ ሰው ሲያወራ፣ ሠርገኞች ነበሩ፣ መንገድ ላይ ያገኙትን ሽማግሌ ሰላም ሳይሉ ቢያልፉ ባሉበት ደርቀው ቀሩ ይላል። ከፊት ሙሽራዋ አንገቷን ደፍታ፣ ከጎኗ ሙሽራው፣ ከኋላ ሚዜዎቹ። ከሥራቸው ከገደሉ ወገብ ላይ ዋሻ አለ፤ ከላይ ከምንጩ አጠገብ በሚወርድ ቀጭን መንገድ ካልሆነ አይደረስበትም። ማር ቆራጭና አሞራ ካልሆነ ወደዚያ ዝር የሚል የለም። በሺር በክረምት ዝናብ ሲያሳድደው በቅሎዎቹን ያስጠለለበት ቦታ ስለነበር፣ ልጁን እዚያ ካስቀመጠ በኋላ ትንሽ እንቅልፍ ይወስደው ጀመር።

በ1931 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ሰማዩ ከክረምቱ ጠርቶ አገሩ ሁሉ ወለል ብሎ በሚታይበት ጊዜ፣ ቱሊዮ የሚባል አንድ ጣሊያን ከአሰብ በመኪና መጥቶ ኮምቦልቻ ሰነበተ። ሽበታም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣው የተጎሳቆለ ሰው ነው። ምጽዋና አሰብ ብዙ ስለኖረ ዐረብኛ ይሰባብራል፤ በሺርም የገበያ ዐረብኛ ነበረችው። ሰውዬው መሪና በቅሎ ሲፈልግ በረኛውን አሳዩት።

«ከደሴ ማዶ የሚያማምሩ ድንጋዮች እንዳሉ ሰማሁ» አለ ቱሊዮ። «ማየት እፈልጋለሁ።»

«ምን ሊያደርጉባቸው ነው ሲኞር?»

«ላያቸው።»

«አይተዋቸውስ?»

«አይቼ እመለሳለሁ።»

በሺር ዓይኑን አጥብቦ ሰውዬውን ከባርኔጣ እስከ ጫማ አየው። አንገቱ ላይ ትልቅ የሩቅ ማያ መነጽር ተንጠልጥሏል፤ ወገቡ ላይ ትንሽ መዶሻ አለች። ወታደር አላስከተለም። ይኼ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ከከተማ ወጣ የሚል ማንም ጣሊያን ወታደር ሳያስከትል አይንቀሳቀስም፣ ይህ ብቻውን መሄዱ ሰው እንዳይሸሽበት ነው።

ማታ ለሐዋ ነገራት። ሐዋ እጇ ላይ ያለውን ጥጥ ጣል አድርጋ «እምቢ ይበሉት!» አለች።

«እምቢ ብለውማ ለምን እምቢ አለ ይላል። ከዚያ ሌላ ይመራዋል። ሌላው ደግሞ ቀጥ አድርጎ ሙሽሮቹ ላይ ይወስደዋል። እኔ ከመራሁት ላዘናጋው እችላለሁ።»

«ሰውየው ምናልባት እውነቱን ቢሆንስ? ፈረንጅ እኮ ስንት ዓይነት አመል አለው።»

«ወላሂ ሐዋ፣ አንቺ ልጅሽን ሰጥተሽ የምታርፊ ነው የምትመስዪው። ድንጋይ ለማየት ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሰው የት አለ?» አላት ተቆጥቶ። ከአፉ ሲወጣ የሲራራው አለቃ ድምፅ ትዝ አለው፤ ግን ቶሎ አባረረው።

በማግስቱ ሁለት በቅሎ ጭነው ወጡ። ደሴን አለፉ፤ የጦሳን ተራራ ጥግ ጥጉን ይዘው ወደ ገራዶ አቀኑ። በሺር መንገዱን ሁሉ ሰውዬውን በዓይኑ ጥግ ይጠብቀዋል። የመጀመሪያውን ቀን ከሙሽሮቹ ራቅ ያሉ ድንጋዮች ያሳየው ጀመር፤ አንዱ የዝሆን ራስ ይመስላል፣ ሌላው እርስ በርሱ እንደተከመረ ጭድ ነው። ቱሊዮ እያንዳንዱን ይዞረዋል፤ በመዶሻው ኳ ያደርግና ጆሮውን ይደግናል፤ በመዳፉ ይዳብሰዋል። ብቻውን ይስቃል። በሺር «ከሥሩ ባዶ መሆኑን እያዳመጠ ነው፣ ዋሻ ፍለጋ ነው» እያለ በሆዱ ይመዘግባል። ሰውዬው ዳቦውን ቆርሶ ሲሰጠው እንኳ ቀድሞ እስኪበላለት ጠበቀ።

ሁለተኛው ቀን ላይ ቱሊዮ ከአንድ ኮረብታ ሆኖ በመነጽሩ ማዶ ሲቃኝ ድንገት ጮኸ። በሺር ሳያይ አወቀ።

«እነዚያስ? እዚያ የተሰለፉት?»

«እነሱ ጋ መንገድ የለም ሲኞር። ገደል ነው።»

ቱሊዮ መነጽሩን ሰጠው። በመነጽሩ ውስጥ ፍየሎች በሰልፍ ወደ ሙሽሮቹ የሚወስደውን መንገድ ይዘው ሲሄዱ ይታያሉ። ቱሊዮ ፈገግ አለ። ውሸቱ እንደተያዘበት በሺር ገባው። ከዚህ ወዲያ መመለስ ራሱ ማሳበቅ ነው። በቅሎዋን ወደ ሙሽሮቹ አዞራት።

አፋፉ ላይ ሲደርሱ ፀሐይ ከምዕራብ በኩል ድንጋዮቹን አቅልታቸዋለች። ቱሊዮ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ከዚያ በሙሽራውና በሙሽራዋ መካከል ገብቶ ቁልቁል ለማየት ፈለገ። ወደ በሺር ዞሮ «ቀበቶዬን ያዝልኝ» አለው።

በሺር ያዘለት። ሰውዬው ከወገቡ በላይ ገደሉ ላይ ተንጠለጠለ። አሁን የቀረው እጅን መፍታት ብቻ ነው። ድንጋይ ያንሸራትታል፣ በቅሎም ይንሸራተታል፣ ሰውም ይንሸራተታል፤ ማን አይቶ ይፈርዳል? በሺር «ያ ረቢ፣ አንተ ታያለህ» አለ። ጣቶቹ ላሉ። የሰውዬው ቀበቶ ጫፉ ያለቀ፣ በገመድ የተጠገነ አሮጌ ቆዳ ነው፤ የገዛ የጭነት ጠፍሩን ይመስላል። ለምን እንደሆነ ሳያውቅ መልሶ ጨበጠው።

ቱሊዮ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ከዚያ በቀስታ «አሞራ» አለ። «ትልቅ አሞራ። እንዴት ያምራል!» ወደ ኋላ ተመልሶ ተቀመጠና መነጽሩን አቀበለው። «እይ።»

በሺር በሆዱ ተኝቶ አየ። እውነትም ከዋሻው በላይ ካለው ድንጋይ ላይ አንድ ግዙፍ አሞራ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ከሥሩ፣ የሁለት ሰው ቁመት ያህል ዝቅ ብሎ፣ ጀላል ያጠበውን ጋቢ ድንጋይ ላይ እያሰጣ ነው። ጠጉሩ አድጓል። ከስቷል። ልጁን ካየ ወራት አልፈውት ነበርና በሺር ፍርሃቱን ለአፍታ ረስቶ ዝም ብሎ አየው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ፍርሃቱ ተመልሶ መጣ። ሰውዬው አሞራውን ብቻ ነው ያየው ወይስ ሁለቱንም?

ቱሊዮ ጀርባውን ሙሽራዋ ላይ አስደግፎ ይናገር ጀመር። «አሰብ ላይ አንድ ድንጋይ አለ፤ ባሕር ውስጥ ቆሟል፣ ጥቁር ነው። መሐሉ እንደ በር ክፍት ነው፤ ውሃው በዚህ ይገባል፣ በዚያ ነጭ ሆኖ ይወጣል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሙሉ ቀን ተቀምጬ ዋልኩ። ሥራዬን ረሳሁ። አለቃዬ ተቆጣ።» ሳቀ። «ሰው አይገባውም። አንተ ይገባሃል?»

በሺር ደነገጠ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያንን ድንጋይ አየሁ ያለው የመጀመሪያው ሰው ይህ ነው። ጉሮሮው ድረስ የመጣ ነገር ነበር፤ አውቀዋለሁ፣ እኔም እዚያው አሸዋ ላይ ተቀምጬ ነበር፣ እኔም ተገርፌበታለሁ ሊለው፣ እጁን ሊጨብጠው፣ ምናልባትም ስለ ልጁ ሊለምነው። አፉን ከፈተ። ወዲያው ግን ያ የቆየ አመሉ ያዘው። ይህ ሰው ስለ ድንጋዩ ከየት ሰማ? በረኛው የሚለውን ቀልድ የማያውቅ በኮምቦልቻ የለም፤ ሰውዬው ደግሞ ኮምቦልቻ ሰንብቷል። ነግረውታል። ልቤን አለስልሶ ሊያናዝዘኝ ነው። በሺር አፉን መልሶ ገጠመ።

«እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም ሲኞር» አለ።

ቱሊዮ ትንሽ ያዘነ መሰለ። ከዚያ ተነስተው ወደ ምንጩ ወረዱ። በቅሎዎቹ ውሃ ሲጠጡ በሺር አንድ የክትክታ ቅርንጫፍ ቆረጠ፤ ጫፉን ሰብሮ ወደ ኋላ አጠፈና ወደ ዋሻው በሚወርደው ቀጭን መንገድ አፍ ላይ አጋደመው። ጀላል ለውሃ ሲወጣ ያየዋል። ቦታው ታውቋል፣ አትቆዩ ማለት ነው።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ቱሊዮ።

«በቅሎ ወደ ገደል እንዳትገባ ነው።»

ኮምቦልቻ ሲመለሱ ቱሊዮ እጁን ዘርግቶ አመሰገነውና በመኪና ወደ አሰብ ወረደ። በሺር ከዚያን ቀን ጀምሮ ጆሮው ገራዶ ላይ ነበር። ከዚያ የመጣ መንገደኛ ባገኘ ቁጥር ነገር አዙሮ ይጠይቃል፤ ወታደር ወጣ ወይ፣ ተኩስ ተሰማ ወይ። ምንም አልተሰማም። ሐዋ «እንግዲያውስ ሂደው መንገዱን ይክፈቱላቸው» ብትለው፣ «እኔን ተከትለው ሊይዟቸው ይሆናል ዝም ያሉት» አላት። ልጁን በብልጠቱ ማትረፉ እየታሰበው በሆዱ ደስ ይለው ነበር፤ አንዳንዴም ለሐዋ «አብሽሪ፣ አባቱ አለለት» ይላት ነበር።

ጥር ላይ በገበያ ቀን ደምመላሽ ከሰል ተሸክሞ ሻጭ መስሎ ደጃቸው መጣ። የመጣው ብቻውን ነው። ሐዋ ፊቱን አይታ ሳይናገር አወቀች፤ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብላ በቆመችበት መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አያ በሺር» አለ ደምመላሽ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ወደ ኩታበር መሄጃ ላይ ነው። መንገድ ሠራተኛ ሊጠብቁ የመጡ ወታደሮች ነበሩ፤ እኛ መኖራቸውን አናውቅ፣ እነሱም እኛን አይፈልጉ። ድንገት ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ጀላል የፊተኛው ነበር። እዚያው በክብር ቀበርነው፤ ሼኽ አምጥተን አሰግደንበታል።»

በሺር መልሱን እያወቀ ጠየቀ። «ከዋሻው ለምን ወጣችሁ?»

«ቅርንጫፍዎን አይተን ነዋ። ለውሃ ብንወጣ መንገዱ ተዘግቷል። እኔማ ትንሽ ተደብቀን እንይ፣ አንድ ሁለት ቀን እንቆይ ብዬው ነበር። ስንቃችንም ታች ነው ያለው። እሱ አሻፈረኝ አለ። ጫፉን አየና፣ ይህ የአባቴ እጅ ነው፣ አባቴ ያለ ነገር መንገድ አይዘጋም አለኝ።»

«ወታደር ዋሻው ድረስ መጥቶ ነበር?»

«እኔ እንጃ አያ በሺር። አልተመለስንም።»

በሺር ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት በቅሎ ነድቷል። ጣሊያን ወጥቶ፣ መንገዱ በመኪና ተጥለቅልቆ፣ ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ በጭነት ሲቀሩ እንኳ አልተወም። ያን ጊዜ የሚያውቁት ሰዎች፣ ቅርንጫፍ የማይቆርጥ ብቸኛው የሲራራ መሪ ነበር ይላሉ። መንታ መንገድ ሲደርስ በቅሎውን ያቆምና የመጨረሻው ሰው እስኪያልፍ ራሱ መንገዱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ዝናብም ቢሆን፣ ፀሐይም ቢሆን። ለምን እንዲህ ያደርጋል ብለው ሲጠይቁት «በረኛ አይደለሁ?» ይላቸዋል፤ እነሱም ይስቃሉ።

ደምመላሽ በመጣ ማግስት ግን በሺር ያለ በቅሎ፣ በእግሩ ወደ ሙሽሮቹ ወጣ። ቅርንጫፉን አጋድሞ በተወው ቦታ አገኘው። ቅጠሉ ረግፎ እንጨቱ ደርቋል፤ በእንጨቱና በአፈሩ መካከል ሸረሪት ድሯን አድርታለች። ጎንበስ ብሎ መሬቱን አየ፤ በቅሎ ነጂ ነውና ዱካ ያውቃል። በዚህ የጫማ ኮቴ አላለፈም። ወደ ዋሻው ወረደ። የጤፍ ቂጣውና የበሶው ስልቻ እንደተቀመጡ ናቸው። የጀላል ጋቢ አሁንም ድንጋዩ ላይ ተሰጥቷል፤ ፀሐይና ጤዛ ሲፈራረቁበት ከርመው አንጥተውታል። አንድም ሰው አልፈለጋቸውም። ሰውዬው አሞራ አይቶ ይሁን፣ ሰው አይቶ ዝም ብሎ ይሁን፣ ድንጋይ ለማየት መጥቶ፣ ድንጋይ አይቶ ሄዷል።

በሺር ጋቢውን አጣጥፎ ደረቱ ላይ ይዞ ወደ ላይ ተመለሰ። መንገዱ አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። የዘጋ ሰው መክፈት አለበትና ደረቁን ቅርንጫፍ አንስቶ ከመንገዱ ዳር አደረገው። ከዚያ እጁ በለመደው ሁለት ጣቶቹን አፉ ውስጥ ከትቶ ከኋላ ላለው አፏጨ። ፉጨቱ ሙሽሮቹን መትቶ ተመለሰ። በሺር የገዛ ድምፁ መሆኑን እያወቀ፣ ጀላል እስኪመልስለት ቆሞ ጠበቀ።